ገና አልነጋም

የኔ ጌታ፣

ዩኒፎርምህን ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ። አንተ ተኝተሃል። ጳጉሜ ሊያልቅ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ኬጂ ትገባለህ። ማንበብ ስትችል ይቺን ደብዳቤ እሰጥሃለሁ።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅህ። ዓመቱን ሙሉ በፊደል አደከምኩህ። ከሀ እስከ ፐ፣ ቁጥርም እስከ 50። ግንቦት ላይ ለምዝገባ ስንሄድ መምህርቷ በርከክ ብላ «ስምህ ማነው?» አለችህ። ቀሚሴ ውስጥ ተሸጎጥክ። እኔ ደግሞ «እስከ 50 ይቆጥራል እኮ!» እላለሁ። ማን ጠየቀኝ? ማታ አለቀስኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ከስልክ ጋር ዘግቼብህ፣ ከልጆች ጋር መዋልን ነፍጌህ ነበር።

ክረምቱን ዝናቡ ባባራ ቁጥር ግቢ አወረድኩህ። በመጀመሪያው ቀን ለኳስ ብለህ አንዷን ገፈተርካት። በማግስቱ «አናጫውትህም» አሉህ። እያለቀስክ መጣህ። ወርጄ ልቆጣቸው ስነሳ አያትህ «ተዪው፣ ልጅ ከልጅ ነው የሚማረው» አሉኝ።

ከዚያ ኩኩሉ መጣ። ዓይንህን ጨፍነህ «ኩኩሉ!» ትላለህ። «አልነጋም!» ይሉሃል። ደግመህ ትጣራለህ፤ አሁንም አልነጋም። መጀመሪያ ሰሞን በጣቶችህ መሃል እያጮለቅክ ስንቴ ተጣላችሁ! ነሐሴ ላይ ግን ከበረንዳ ሳይህ፣ ግድግዳው ላይ ተደፍተህ «ነጋ!» እስኪሉህ ጠበቅክ። ተራ መጠበቅን፣ ተሸንፎ አለማኩረፍን እኔ አላስተማርኩህም። እነሱ ናቸው።

ፊደሉ ይደርሳል። በ2015ቱ የትምህርት ፖሊሲም ቢሆን ቅድመ አንደኛ 2 ዓመት ነው፤ አንደኛ ክፍል የምትገባው በ7 ዓመትህ ነው። ምን አስቸኮለኝ?

ሽንትህ ሲመጣ አትያዘው፤ «ሚስ፣ ሽንቴ መጣ» በላት። የምሳ ዕቃህን መክፈት ችለሃል። ጫማህ ግራና ቀኙ ቢምታታብህም ግድ የለም። የመታህ ልጅ ካለ መልሰህ አትምታው፤ «አመመኝ፣ ተው» በለው። እምቢ ካለ ለሚስ ንገራት፤ ያ ማሳበቅ አይደለም። እኔም ተደብቄ አልሄድብህም። ስሜህ፣ ቻው ብዬህ፣ ስንት ሰዓት እንደምመለስ ነግሬህ ነው የምሄደው።

ትናንት ሁለተኛ ፎቅ አዲስ ጎረቤት ገባ። ልጃቸው ደረጃው ሥር የእናቱን ነጠላ ጨብጦ ቆሟል። ጠጋ ብለህ «ስምህ ማነው? ኩኩሉ ትችላለህ?» አልከው። ዝም አለህ። አጠገቡ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለህ ጠበቅከው።

እናትህ