እህቴ የሕክምና ቀጠሮዋን ልትተው ነበር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ደብረ ማርቆስ የምኖር አዋላጅ ነርስ ነኝ። በጤና ዓምዳችሁ ስለ ናኖ መድኃኒት፣ ማለትም በዓይን በማይታዩ ቅንጣቶች ታሽጎ ወደ ካንሰሩ ዕጢ ስለሚላክ መድኃኒት፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ፣ እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ቢቸና ሆና የጎረቤት ልጅ እያነበበላት ሰማችው። የጡት ካንሰር ታማሚ ናት፤ ሦስት ዙር ኬሞቴራፒ ወስዳለች። «ካንሰሩን ብቻ ለይቶ የሚመታ መድኃኒት ተገኘ» የሚለውን እንደ ሰማች ደወለችልኝ። «አረሙን ብቻ የሚነቅል ከመጣ ያንን ቀይ መድኃኒት ለምን እወስዳለሁ? እስኪደርስ ልታገሥ» አለችኝ። ክው ብዬ ቀረሁ።

ቀዩ መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ነው። ቶሎ ቶሎ የሚራባን ሕዋስ ሁሉ ስለሚመታ የፀጉርን ሥርና የአፍን ውስጥ ሳይቀር ይጎዳል። የመጀመሪያው ዕለት ሽንቷ ቀልቶ ደም መስሏት እጄን ጨምድዳ ይዛ ስታለቅስ አብሬያት ነበርሁ። ሌላ መድኃኒት ብትመኝ አልፈርድባትም።

ሐሳቡን በትክክል ገልጻችኋል። መድኃኒቱ የሚታሸግባቸው የፖሊመር (እንደ ፕላስቲክ በረጅም ሰንሰለት የተያያዘ ቁስ) ቅንጣቶች ባብዛኛው ከ200 ናኖሜትር ያነሱ ናቸው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ይጠጋል። ፒኤልጂኤ የተባለው ፖሊመር፣ እናቶችን ስሰፋ ከምጠቀምበት ሟሙቶ ከሚጠፋው ክር ጋር ዘመድ ነው። ክሩ በሳምንታት ውስጥ ሰውነት ላይ ሲጠፋ ስለማየው ነገሩ ለእኔ ሩቅ አይደለም። ደቡብ ኮሪያም በ2007 እ.ኤ.አ. ፓክሊታክሴል የተባለውን የካንሰር መድኃኒት በፖሊመር የተሸከመ መድኃኒት ፈቅዳለች።

ያልጻፋችሁት ግን የሚበልጠውን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ10 ዓመት የእንስሳት ሙከራዎችን ሲመረምሩ፣ ከተወጋው ቅንጣት ዕጢው ጋ የደረሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ አገኙት። ብዙውን ጉበትና ጣፊያ ያስቀሩታል። በአይጥ ላይ የሠራውም በሰው ላይ እንዲሁ ይሠራል ማለት አይደለም፤ የአይጥ ዕጢ በፍጥነት ስለሚያድግ የደም ሥሮቹ ይበልጥ ያፈሳሉ፤ ቅንጣቱም በዚያ ሾልኮ ዕጢው ውስጥ ለመግባት ይቀለዋል።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ዜና ስታወጡ ሙከራው በአይጥ ይሁን በሰው ርእሱ ላይ ጻፉልን። ሕክምና ላይ ያለ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቋርጥም አንድ መስመር ጨምሩ።

እታለምን ለማሳመን ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። አራተኛው ዙር ማክሰኞ ነው። ሰኞ ማለዳ ደጀን ላይ ተገናኝተን ዓባይን አብረን እንሻገራለን።

አዋላጅ ነርስ፣ ከደብረ ማርቆስ