ሥራ ቢያድርስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

«የዛሬን ሥራ ለነገ አታሳድር» የሚለው ምክር ሰነፍን ያነቃ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ ከአሥራ ሁለት ጉዳይ አምስቱን ጨርሶ የገባን ሰው ግን በሰባቱ ሲብሰለሰል እንዲያድር ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ሰውየው ላይ ሳይሆን የቀኑን ሥራ የጻፈበት ዝርዝር ላይ ነው።

ሂሳቡ ይሠራ። አሥራ ሁለቱ ጉዳዮች ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢወስዱ ስድስት ሰዓት ይሆናሉ፤ ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት ለሚውል ሰው የበዛ አይመስልም። ግን የታክሲው ሰልፍ፣ ባንክ ውስጥ «ሲስተም የለም» ተብሎ የሚጠበቀው፣ መብራት ሲጠፋ የሚባክነው ጊዜ ወረቀቱ ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ የካናዳ ጥናት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን እንጨርሳለን ብለው 55 ቀን ያህል ፈጅቶባቸዋል። ያ እንግዲህ ወረፋና መብራት ሳይጨመርበት ነው። ስለዚህ ለግማሹ ቀን ብቻ ሥራ ይመደብ፤ የቀረው ለመንገድና ለድንገተኛ ይተው።

አጻጻፉም ያሳስታል። «የቤት ካርታ» ብሎ መጻፍ ወር የሚፈጅን ጉዳይ በሁለት ቃል ማሸግ ነው፤ ማታ ሲታይ ሁልጊዜ ያልተነካ ይመስላል። «የግብር ደረሰኙን ኮፒ ማስነሳት» ቢባል በ15 ደቂቃ አልቆ ይሰረዛል።

ያላለቀ ሥራ አእምሮ ውስጥ የሚመላለሰው ለምንድን ነው? የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሉማ ዘይጋርኒክ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው የበርሊን ጥናት ሰዎች ከጨረሱት ይልቅ መሃል ላይ የተቋረጠባቸውን ሥራ አብልጠው እንዳስታወሱ ጽፋለች። ለኑሮ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን አሜሪካ ውስጥ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ነው። ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ ወደፊት የሚሠሩትን የጻፉት፣ የጨረሱትን ከጻፉት በ9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። በዝርዝር የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ፈጠኑ።

ስለዚህ ማታ ደብተርና እስክሪብቶ ይያዝ። ስልክ ላይ መጻፍ አይመከርም፤ አንድ መልእክት ሲከፈት አምስት ደቂቃው አንድ ሰዓት ይሆናል። ላደረው ለእያንዳንዱ ሥራ ቀኑ፣ ሰዓቱና መጀመሪያ በእጅ የሚያዘው ነገር ይጻፍ፦ «ረቡዕ፣ 3 ሰዓት፣ መታወቂያና ደረሰኝ ይዞ ክፍለ ከተማ»። ከዚያ ደብተሩ ይዘጋ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ዝርዝሩን እንዳለ ወደ ነገ ሲገለብጡት ነው። የዛሬው ሰባት በነገው አሥራ ሁለት ላይ ይደረብና በሦስተኛው ቀን ደብተሩን መክፈት ራሱ ያስፈራል። ሦስት ጊዜ የተላለፈ ነገር ወይ ይከፋፈል፣ ወይ ለሌላ ሰው ይሰጥ፣ ወይ ይሰረዝ። መሰረዝ ይከብዳል። ግን ሦስት ጊዜ ሲገፋ ማንም ያልጠየቀው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ቢቀርም ማንንም አይጎዳም።

ሰው የሚጠብቀው ሥራ ግን ከዚህ ይለያል። ባልተላከ ደብዳቤ የሌላው ሥራ ከቆመ ጸጸቱ ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱም ከ11 ሰዓት በፊት ደውሎ «እስከ ሐሙስ ይታገሱኝ» ማለት ነው። ሲብሰለሰሉ ማደር ለሚጠብቀው ሰው ምንም አይጨምርለትም።

የቤት ሥራን በተመለከተ፣ ከቢሮ ገብተው ወጥ ቤት ለሚቆሙ እናቶች «ጨረስኩ» የሚባል ነገር የለም። ሊጥ ሁለትና ሦስት ቀን ሲያድር ግን «ለነገ አሳደርሽው» ብሎ የሚወቅስ የለም። ሰሃኑም እንደዚያው በሰዓት ይገደብ፤ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይቁም። የቀረውን ድስት ውሃ ሞልቶ ማሳደር ነው። የተጣበቀው ወጥ እስኪነጋ ይርሳል፣ ጠዋት ብዙ ሳይፈተግ ይለቃል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ