ከሳይንስ ዲግሪ በኋላ ምን አለ፣ ለግሩፑ ልጆች

ሰላም ልጆች፣ በውስጥ መስመር "አሁን ምን እንሁን" የምትሉኝ ስለበዛችሁ እዚሁ ልጻፈው። ሀዋሳ ያላችሁ ኢንዱስትሪ ፓርኩን አትናቁት፣ ሰው ሁሉ ልብስ ስፌት ብቻ ይመስለዋል እንጂ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ትልቅ የውሃ ማጣሪያ አለው፣ እዛ ደግሞ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት) ምናምን የሚለካ የኬሚስትሪ ሰው ያስፈልጋል። ቢራና ለስላሳ ፋብሪካዎቹም ኳሊቲ ኮንትሮል ላይ ሰው ይፈልጋሉ፣ የሌሊት ሺፍቱን ከቻላችሁት ማለቴ ነው።

ሃይስኩል ማስተማር ለምታስቡ አፕላይድ ዲግሪ (የመምህርነት ስልጠና የሌለው) ብቻውን አይበቃም፣ ፒጂዲቲ የሚባል ከዲግሪ በኋላ የሚወሰድ የመምህርነት ዲፕሎማ አለ። ማስተርስ እዚህ ከሆነ ጋት የሚባለውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፣ ኤግዚት ኤግዛም (የዲግሪ መውጫ ፈተና) አልፌያለሁ ብላችሁ እንዳትዘናጉ ሁለቱ አይገናኙም።

ውጪ ለምታስቡ፣ ዳድ የሚባለው የጀርመን ድርጅት የሚሰጠው ኢፖስ ስኮላርሺፕ ቢያንስ 2 ዓመት የስራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስለዚህ አሁን በትንሽ ደሞዝም ቢሆን በሙያችሁ የገባችሁ ልጆች ጊዜያችሁ እየባከነ አይደለም። አዲስ ምሩቅ ግን ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለውን የአውሮፓ ህብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ ቢያይ ይሻለዋል፣ ትምህርቱን ሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፣ አብዛኛው ፕሮግራም ማመልከቻ የሚቀበለው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ስለሆነ ሪኮመንዴሽን የሚጽፉላችሁን መምህራን ከወዲሁ አናግሩ፣ መጨረሻ ሳምንት ላይ ስልክ አያነሱም 😅። እና "እኔ ልሙላልህ" ብሎ ብር የሚጠይቅ ኤጀንት ካጋጠማችሁ ብሎክ አድርጉት፣ ፎርሙን ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ።