መታሰቢያው ተማሪ ቢሆንስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እዚህ አሜሪካ በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማታ ማታ እሠራለሁ። ልንዘጋ ስንል የሚመጣ አንድ ልጅ አለ። የኬሚስትሪውን መጽሐፍ ተቀብሎኝ ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። መግዣ የለውም። ትምህርቱን እንዳያቋርጥ እሰጋለታለሁ።

ጥቁር አሜሪካዊው የቤዝቦል ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰንም አቋርጦ ነበር። በ1947 እ.ኤ.አ. ለጥቁሮች ተዘግቶ የቆየውን የቤዝቦል ትልቁን ሊግ በር የከፈተው እሱ፣ ከዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ሳይመረቅ ነው የወጣው። በ1972 ሲያርፍ ባለቤቱ ሬቸል ሮቢንሰን በዓመቱ በስሙ ፋውንዴሽን አቋቋሙ። እሱ ያልጨረሰውን ሌሎች እንዲጨርሱ! ይሄ ነገር ሁሌም ልቤን ይነካኛል።

ደግሞ የፋውንዴሽኑ ሰዎች ለኮሌጅ ተማሪ ብር ሰጥተው ዞር አይሉም። አራቱን ዓመት ከተማሪው ጋር ይዘልቃሉ፤ የሚያማክረውና የሥራ ዓለሙን የሚያሳየው ሰው ያገናኙታል። ቤተሰቡ ውስጥ ኮሌጅ የገባ ሰው ለሌለው ልጅ፣ የሚጠይቀው ሰው ማግኘት ከገንዘቡ አያንስም።

እኛም እድር አለን። ሰው ሲሞትብን ማዋጣት እናውቅበታለን። ከዚያው ላይ ትንሽ ቀንሰን በሟቹ ስም በየዓመቱ ለአንድ ተማሪ መጽሐፍ ብንገዛስ? እባካችሁ፣ ይህን የጀመረ እድር ካለ በጋዜጣችሁ አስተዋውቁን።

አንባቢያችሁ