የሰፈራችንን ግንብ ሥዕል ለማልበስ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በከተማችን ውስጥም ሆነ ርቃችሁ የምትኖሩ የተከበራችሁ የጎንደር ልጆችና ወዳጆች፣

ከፒያሳ ወደ ሰፈራችን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የትምህርት ቤት አጥር የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም። «መሽናት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም ሦስት ጊዜ ተጽፎበታል፤ ሽታው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀም። በጽሑፉ ላይ የደላላ ስልክ ቁጥር፣ በስልክ ቁጥሩ ላይ የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ፣ በማስታወቂያው ላይ ደግሞ የጎረምሶች ስም ተደራርቧል። ይህን 40 ሜትር የሚረዝም ግንብ በሰፈሩ ወጣት ሠዓሊዎችና በተማሪዎቹ እጅ ሥዕል ልናለብሰው ስለተነሣን የእናንተን እገዛ እንጠይቃለን።

ሥራው የሚጀምረው በፈቃድ ነው። የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ፈቃዱን በጽሑፍ ሰጥቶናል፤ የሥዕሉንም ንድፍ አይቶታል። ግንቡ በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት እንጂ ጥንታዊ ድንጋይ ስላልሆነ ቅርስ አይነካም። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ ላይ ግን ቀለም ቀርቶ ጠመኔም ሊያርፍበት አይገባም፤ ቅርስን ማበላሸት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያስቀጣል፣ በኖራ የተገነባ ድንጋይ ደግሞ በቀለም ሲታፈን እርጥበቱን ማውጣት ተስኖት ውስጥ ውስጡን ይፈረፈራል። (እኔ ይህን የምጽፈው በተማሪነቴ ከአንድ አሮጌ ግንብ ላይ ስሜን በምስማር የጫርሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬም በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።)

ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። በጎንደር ዘመን የነበሩ ሠዓሊዎች ብዙውን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጥጥ ጨርቅ ላይ እየሠሩ ጨርቁን ከግድግዳው ጋር ያጣብቁት ነበር። በአሜሪካዋ የፊላደልፊያ ከተማ በ1984 እ.ኤ.አ. ግድግዳ በማበላሸት ይወቀሱ የነበሩ ወጣቶችን ወደ ሕጋዊ ሥዕል ለመመለስ የተጀመረው ሥራም ዛሬ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ዘዴ ይጠቀማል፤ ሰው ሠራሽ ስስ ጨርቅ በቁራጭ በቁራጭ ተከፋፍሎ በአዳራሽ ውስጥ ይሣላል፣ ከዚያም በአክሪሊክ ማጣበቂያ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። እኛም የመረጥነው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም የ3ኛ ክፍል ልጅ መወጣጫ ላይ ሳይሰቀል፣ ወለል ላይ ተንበርክኮ የድርሻውን ሊቀባ ይችላል። ሥዕሉ የሰፈሩን ውሎ ከንጋት እስከ ምሽት ያሳያል። ልጆቹ አጥብቀው ስለጠየቁ ባጃጅም አለበት።

የጎደለን በዋናነት ጨርቁ፣ ማጣበቂያውና ፀሐይ የማያደበዝዘው አክሪሊክ ቀለም ነው። አቡጀዲ ርካሽ ቢሆንም በክረምት ዝናብ ስለሚበሰብስ አንጠቀምበትም። ቀለም በዓይነት ለመስጠት የምታስቡ ወገኖች፣ የምታመጡት በውሃ የሚበጠበጥ ይሁን፤ ቤት ስታሳድሱ የተረፋችሁን የዘይት ቀለም ግን እባካችሁ አታምጡ፣ በሲሚንቶው ውስጥ ያለው ኖራ እየበላው በጥቂት ጊዜ ይላጣልና። ለመወጣጫ የሚሆን አጣና የምታውሱን ካላችሁ እንደ ገንዘብ እንቆጥረዋለን፤ ሥራው ሲያበቃም ቆጥረን እንመልሳለን። ግንበኞች የሆናችሁ ደግሞ የተሰነጠቀውን ልስን በመጠገን የሁለት ቀን ጉልበት ብትለግሱን ትልቅ ወጪ ታቀሉልናላችሁ።

ልስኑን በሰኔ፣ ዝናቡ ሳይጠና መጨረስ ይኖርብናል። ክረምቱን በአዳራሽ እየሣልን ቆይተን ግንቡ ከደረቀ በኋላ በጥቅምት እንለጥፋለን፤ ለጥምቀት እንግዶች ከመምጣታቸው በፊትም ሥራው ይጠናቀቃል። ገንዘብም ሆነ ዕቃ የሚረከበው በሰፈሩ ነዋሪዎች የተመረጠው የሦስት ሰዎች ኮሚቴ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ገቢና ወጪውንም በየወሩ መጨረሻ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጥፋል።