አመዱ ቀደመኝ

ይድረስ ለወንድሜ ለጌታቸው፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የዴልሂው ትምህርትስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ አፍዴራም ሙቀቷ እንዳለ ነው። ድምፄን ካጠፋሁ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ምክንያቱን ታውቀዋለህ፤ የእናትህን፣ የእማማን ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። ሰነባብቼ ልደውል ስል አፈርኩ፤ ሳፍር ቀኑ ረዘመ፤ ቀኑ ሲረዝም ደግሞ ሀፍረቱ ባሰ። ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ አመድ ነው። አትሳቅ።

ኅዳር 14 ቀን እሁድ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል አልፎ ይሆናል፣ ደጅ ቁጭ ብዬ የተማሪ ደብተር ሳርም አንድ ነገር ጓ! አለ። መንገድ ሠሪዎች ድንጋይ ያፈነዱ መስሎኝ እርማቴን ቀጠልኩ። ቀና ስል ግን በሰሜን ምዕራብ በኩል ጭሱ ሰማዩን ይዞታል። እኛ የለመድነው የኤርታሌን እሳተ ገሞራ ነው፤ እሱ ገንፍሎ ይፈሳል እንጂ እንዲህ ሽቅብ አይተፋም። የፈነዳው ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ ኖሯል፤ ከዚያ በፊት ስለመፈንዳቱ አንድም የተጻፈ ነገር የሌለው፣ ከፍታው 500 ሜትር ገደማ የሆነ ተራራ። ፀሐይዋ ደበዘዘች፤ ቆርቆሮው ላይ በወንፊት አሸዋ የሚነፉበት የሚመስል ድምፅ ጀመረ።

መነጽሬ ሲደበዝዝብኝ እንደ ልማዴ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት። ያን ጊዜ ነው የተበላሸው። ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው ድመት የቧጠጠችው ይመስላል። ለካ አመድ እንለዋለን እንጂ የምድጃው ዓይነት አይደለም፤ የቀለጠው ድንጋይ ውስጡ የታመቀው ጋዝ በታትኖት በቅጽበት ሲቀዘቅዝ የሚቀር የመስታወትና የድንጋይ ስብርባሪ ነው። በጣትህ ስታሸው የጤፍ ዱቄት ነው፤ ጥርስህ ላይ ግን ቂጭ ቂጭ ይላል። የውኃውን ሮቶ ልሸፍን ወጥቼ በሁለት እጄ ዝቄ ጣልኩት። «እጄ አመድ አፋሽ ነው» እያልኩ ሳማርር ትስቅብኝ አልነበር? ይኸው አፈስኩ። ሰው አለመሞቱ ትልቅ ነገር ነው። ግጦሹ ግን አመድ ለበሰ፤ ፍየሎቹ አፋቸውን አስጠግተው፣ አሽትተው ይመለሳሉ፤ ባለቤቶቹም ቆመው ያያሉ።

እኛ ላይ የወረደው እንግዲህ ከባድ ከባዱ ነው። ልሙ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጣ። በዚያ ከፍታ በዚህ ወራት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ እሱ ላይ ከተጫነ ቶሎ አይወርድም። ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ የመንንና ኦማንን፣ ቀጥሎም ፓኪስታንን አለፈ። ሰኞ፣ በእናንተ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ግድም፣ አንተ አናት ላይ ደረሰ። አስላሁት፤ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር በሚያህል መንገድ ላይ የፈጀው 33 ሰዓት ገደማ ነው። ቀንና ሌሊት ሳያርፍ በዚያ ፍጥነት የሚሄድ የጨው ጫኝ መኪና እዚህ የለንም። ሬዲዮው «ዴልሂ» ሲል ከአልጋዬ ተነሳሁ፤ እዚህ በእጄ የዛቅሁት የዚያው አመድ ቅሪት መሆኑ ነዋ! ማክሰኞ ወደ ቻይና ማቅናቱ ተነገረ። ከፍ ብሎ ስላለፈ ጉሮሮህን ካመመህ የከተማህን የኅዳር ጭስ እንጂ ሃይሊ ጉቢን አትክሰስ።

ኤር ኢንዲያ 11 በረራ ሰርዞ አውሮፕላኖቹን ሲመረምር ያጋነኑ መስሎኝ ነበር፤ መነጽሬን ሳይ ግን ገባኝ። በፈረንጆቹ 1982 አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን በሌሊት ከኢንዶኔዥያው የጋሉንግጉንግ አመድ ውስጥ ገብቶ አራቱም ሞተሮቹ ጠፍተዋል። አመዱ ሞተሩ ውስጥ ቀልጦ፣ እንደገና ረግቶ ያንቀዋል። ቁልቁል ሲወርድ ከአመዱ ወጣና ሞተሮቹ ተነሱለት፤ ጃካርታ ሲያርፍ ታዲያ የአብራሪው የፊት መስታወት ከመቧጠጡ የተነሳ ማኮብኮቢያው በቅጡ አይታይም ነበር። ልክ እንደ እኔ መነጽር።

በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ዶርም ሳለን ኤርትራ ውስጥ ናብሮ ሲፈነዳ ትዝ ይልሃል? ሂላሪ ክሊንተን የአዲስ አበባ ጉብኝታቸውን አሳጥረው የወጡበት። ያን ሰሞን የፈነዳው የቺሊው ኮርዶን ካውሌ ደግሞ አውስትራሊያ ድረስ በረራ አስቁሞ፣ ምድርን ዞሮ አመዱ ወደ ወጣበት ተመልሷል። ያኔ አንተ «ነፋስ ነው፣ ምን ይገርማል» ብለህ ተኛህ። እኔን አሁንም ይገርመኛል።

መነጽሩን አልቀየርኩትም፤ ማታ አምፖል ሳይ በዙሪያው ክር ክር የሚል ብርሃን ይታየኛል። ደሞዝ ሲወጣ ሰመራ ሄጄ አሠራለሁ። የእማማ ሁለተኛ ሙት ዓመት ደሴ የሚውልበትን ቀን ጽፈህ ላክልኝ። አንተ ባትኖርም እኔ እደርሳለሁ፤ ለእህትህም ቀድመህ ንገራት፣ በር ላይ ድንገት ስታየኝ እንዳትደነግጥ።

ወንድምህ፣
ከአፍዴራ