እሺ ብሏል ብያለሁ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሁለት ዓመት ጠፍቼ ዛሬ ስጽፍ «ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» እንደምትል አውቃለሁ። አልተሳሳትክም። የእማማን ለቅሶ አለመድረሴን በወረቀት አልጨርሰውም። ሐዋሳ መጥቼ እግርህ ላይ እወድቃለሁ። ለአሁኑ እለፈኝ።

ፊልም ልመራ ነው። አዎ፣ እኔ! ሳቅህን ጨርስና ቀጥል። አጭር ፊልም ናት፣ ታሪኳ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። እሺ ካልኩ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለም።

ትናንት ማታ «ዘ ናይት ኦፍ ዘ ሀንተር»ን ደግሜ አየሁት። አንተ ክፍል፣ መስኮቱን በጋቢ ጋርደን ያየነውን። ያኔ ያስፈራን ሮበርት ሚቸም ነበር፣ በአንድ እጁ ጣቶች «ፍቅር»፣ በሌላው «ጥላቻ» የተነቀሰው ሰባኪ። አሁን የሚያባንነኝ ዳይሬክተሩ ነው። ቻርልስ ሎተን እኮ ኦስካር የወሰደ ተዋናይ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1955 ይህን ሠራ፣ ሲኒማ ቤቱ ጭር አለበት፣ ሃያሲው አጣጣለው። ሌላ ፊልም ሳይመራ በ1962 ሞተ። ዛሬ ክላሲክ ነው እያሉ ያወድሱታል። ለሟች ምን ይረባዋል?

ግን ያቺ ወንዝ ውስጥ መኪና ላይ የተቀመጠችው ሟች! ፀጉሯ ከውሃው ሣር ጋር ሲወዛወዝ... አስከሬን እያየህ ዓይንህን መንቀል ያቅትሃል። ልጁ ከጎተራ ሆኖ የሚያየው ፈረሰኛስ? ሩቅ እንዲመስል ስቱዲዮ ውስጥ አጭር ሰው ትንሽ ፈረስ ላይ አስቀምጠው ነው የቀረጹት። ብር ለሌለን ለእኛ የተፈጠረ ዘዴ!

ታዲያ ሎተን ብቻውን አልነበረም። ስታንሊ ኮርቴዝ የሚባል ካሜራማን ነበረው፣ ጥላን እንደ ሰው የሚያስተውን። እኔ ምን አለኝ? ትወናውን እችለዋለሁ። መብራት የት እንደሚቆም ግን ዛሬም አላውቅም። ድሮም አንተ ነህ «ዞር በል፣ ፊትህ ጠፋ» የምትለኝ።

እና... እንዴት ልበልህ። አንተስ ሰርግ መቅረጽ አልሰለቸህም? ቀረጻው ከጥምቀት በኋላ ነው። ክፍያው ያው ነው፣ አትጠይቀኝ።

አንድ ነገር ደብቄህ አልተኛም። ለፕሮዲውሰሩ «እሺ ብሏል» ብዬዋለሁ። ሰኞ ይደውልልሃል። አደራ፣ እንዳትስቅበት።